በገና ጨዋታ ባሌ ተቆጣ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ከመጣሁ 9 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ የመንዝ ልጅ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ ወንድ 14 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 11፣ ትንሹ 7።

ዘንድሮ ባለቤቴን አንድ ነገር ያዘው። ‹ልጆቼ ገና ማለት የፕላስቲክ ዛፍና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ብቻ እንዳይመስላቸው› አለና ከአገር ቤት አራት የገና ዱላና በዱላው የሚመታ ሩር የሚሉት አንድ የእንጨት ድቡልቡል አስመጣ። እኔ የገና ጨዋታን በቴሌቪዥን እንጂ በአካል አይቼው አላውቅም። ልጆቹማ ጭራሽ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንንም ሰብስቦ ሰፈራችን ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይዞን ወጣ።

ምን ልበልዎ። ገና ሳንጀምር ‹እንዲህ አይያዝም!›፣ ‹ጎንበስ በል!›፣ ‹ኧረ ዓይንህን ሩሩ ላይ!› እያለ መጮህ። ትልቁ ልጄ ሲሰነዝር ሩሩን ስቶ መሬቱን መታው፤ አቧራው ፊቱ ላይ ተበተነ። አጥር ላይ የተቀመጡ የሰፈር ጎረምሶች ሙድ ያዙበት፤ አንዱማ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። በመጨረሻ አባትየው ‹እዩኝ፣ እንዲህ ነው› ብሎ የመታው ሩር ሄዶ የሴቷን ልጅ ቅልጥም አገኛት። ስታለቅስ ‹በዚህ ይለቀሳል እንዴ? እኛ በባዶ እግራችን ነበር የምንጫወተው› አላት። ትልቁ ዱላውን ወርውሮ ‹ይሄ የፋራ ጨዋታ ነው› ብሎ ጥሎን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አይነጋገሩም። ዱላዎቹ በር ኋላ ቆመዋል። ሴቷ ሁለተኛ አልነካውም ብላለች። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ለገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ እስከ ገና እኛ ጋ ናቸው። ባለቤቴ በስልክ ‹ልጆቼ የገና ጨዋታ ለምደዋል› ብሎ አውርቶላቸዋል። ዱላዎቹን ደብቄ ነገሩ ተረሳስቶ ቢቀር ይሻላል? ወይስ ለአባታቸው ሲሉ እንዲጫወቱ ልጫናቸው? እውነቱን ልንገርዎና፣ እኔም ዳር ቆሜ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ባለቤቴ አይቶኛል።

የሦስት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ»

እህቴ፣ መጀመሪያ የልጅቷ እግር እንዴት ሆነ? ደብዳቤሽ ስለ ኩርፊያው ብዙ ይላል፤ ስለ ቅልጥሟ ግን እንባዋን ነግሮኝ ያልፋል። በልዞ ብቻ ከሆነና እንደ ልቧ ከሮጠች ግድ የለም፣ ይድናል። እብጠቱ አልቀንስ ካለ ወይም ስትረግጥ ካመማት ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ሮጠሽ ወጌሻ ጋ እንዳታሳሻት። አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ማሸት ያባብሰዋል እንጂ አይጠቅመውም። መጀመሪያ ራጅ ትነሣ።

አሁን ወደ ኩርፊያው።

ባልሽ ጨዋታውን ያውቀዋል። አያያዙን፣ አመታቱን፣ አሯሯጡን ያውቃል። አንዲቱን ዋና ደንብ ግን አገር ቤት ጥሏት መጥቷል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምትለዋን። አባባሏ ቤት ስለመታች ብቻ የምትባል እንዳትመስልሽ። ደንብ ናት። በድሮው ዘመን ጌታም ሎሌም አንድ ሜዳ ይገቡ ነበር። ሎሌው የጌታውን እግር በዱላ ቢያገኘው፣ ቢገፈትረው፣ ሲያሸንፈው ቢያሾፍበት፣ ጌትየው ዋጥ አድርጎ ይሮጣል እንጂ አይቆጣም። በነጋታው ቂም የለም። ለዚያች ቀን ማዕረግ እቤት ይውላል።

እንግዲህ እናንተ ሜዳ ላይ ጌታው ማን ነበር? አባትየው። ማን ተቆጣ? አባትየው። ሰው ሁሉ ዱላ የወረወረውን ልጅ ሊወቅስ ይችላል። ደንቡን ቀድሞ የጣሰው ግን እሱ አይደለም።

ይህን ግን በዚሁ ቃል ሄደሽ እንዳትነግሪው። እኔ በጽሑፍ ስለሆነ ነው የደፈርኩት።

ደግሞም አልፈርድበትም። ሰውየው ልጆቹን ማስጨነቅ ፈልጎ አይደለም ከመንዝ ዱላ ያስመጣው። ልጅነቱን ነው ያስመጣው። አንድ ቀን ልጆቹ በሌሉበት፣ ቡና ላይ ጠይቂው። «መጀመሪያ ዱላ ስትይዝ ስንት ዓመትህ ነበር? ማን አስተማረህ?» በይው። መልሱን ከአሁኑ ልገምትልሽ። ማንም አላስተማረውም። ከብት ጥበቃ ላይ ታላላቆቹን እየተከተለ፣ ሩሩ ገደል ሲገባ እየሮጠ እያመጣ፣ ዱላ የሚያውሰው ሲያገኝ አንዴ እየመታ አምስቴ እየሳተ ነው የለመደው። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር፣ ለዓመታት። ሲስት ደግሞ አባቱ ጆሮው ሥር ቆመው «ጎንበስ በል» አላሉትም። አባቱ እዚያ አልነበሩም። ቢኖሩም የራሳቸውን ሩር እያሳደዱ ነው።

ያንን ሁሉ ዓመት ለልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ሊሰጣቸው ፈለገ። አልሆነም። ሊሆንም አይችልም። ይህን እሱ ራሱ ታሪኩን ሲያወራልሽ ይሰማዋል፤ አንቺ መጨመር የለብሽም። ዝም ብለሽ ሁለተኛውን ቅጂለት።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እኔ ብስክሌት የለመድኩት በ43 ዓመቴ ነው፣ እዚያው ሐዋሳ ስኖር። ከተማው ደልዳላ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ሕፃን ሽማግሌው ብስክሌት ላይ። እኔ ብቻ የባጃጅ ደንበኛ። ያስተማረኝ የጎረቤት ልጅ ነው፤ አሥር ዓመት ቢሞላው ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ «እትዬ፣ ጎማውን አይዩ፣ ሩቅ ይዩ!» ይለኛል። በሁለተኛው ቀን ሄጄ የቆመ ባጃጅ ላይ ተለጠፍኩ። ልጁ አልሳቀም፣ አልጮኸምም። «ፍሬኑን ለቀውት ነበር» አለኝ፣ በቃ። ባሌ ቢሆን ያስተማረኝ እስከ ዛሬ በእግሬ ነበርኩ።

ጨዋታውን በአካል አላየሁትም ስላልሽ ትንሽ ልንገርሽ። ባልሽ እንደጮኸው የተወሳሰበ አይደለም። አባቶች ሲተርኩ፣ እረኞቹ የክርስቶስን መወለድ የሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይላሉ። ስሙም የበዓሉ ስም ነው። ሰዉ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይያዛል። የሚመታው ድቡልቡል ነገር ከእንጨት ይጠረባል፣ ወይም ከቆዳ ይሠራል፤ ሩርም ጥንግም ሲሉት ትሰሚያለሽ። መሐል ሜዳ ላይ ይጀመርና እያንዳንዱ ወገን ወደ ተቃራኒው ድንበር ይነዳዋል። ያሳለፈ አገባ። ገጠር ውስጥ የሰው ቁጥር አይገደብም፤ መንደር ከመንደር ይገጥማል፣ እስኪመሽ ይጋፋል። ሜዳውም መስመር የለው፣ ጨዋታው ማሳ ላይ ዞር ብሎ ይመጣል። ያሸነፈው ሲያቅራራ የተሸነፈው በግጥም ይመልስለታል። ግማሹ ጣዕም እዚያ ላይ ነው።

እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እልል ማለት ነበር ድርሻችን። ወንድሞቼ ሲጫወቱ ሩሩ ወደኛ ከመጣ በእግሬ መለስ አደርግላቸውና ለሳምንት እኮራበት ነበር። ከተማ ቤት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ ማንም አላወጀም። ባልሽም አራት ዱላ ያስመጣው ለሴት ልጁም አስቦ ነው። ይህን እኔ በጣም አክብሬለታለሁ፤ ብትነግሪው ደስ ይለኛል።

«ፋራ» ያለውን ልጅሽን እንይ። 14 ዓመት ክፉ ዕድሜ ነው። በዚያ ዕድሜ ሩር መሳት ምንም አይደለም፤ ሲስቱ መቀረጽ ነው ጭንቁ። ልጁ ጨዋታውን አልጠላም። የጠላው ያንን ስልክ ነው። አባቱ ደግሞ ከአጥሩ ልጆች ፊት ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ቪዲዮውን ያሳምርላቸው ነበር። ስለዚህ «ባህልህን አትናቅ» የሚለውን ንግግር ተዉት። አይሠራም። የምትኖሩበት ከተማ የኳስ ከተማ ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደ ክለብ ነው። ከዚህ ጋር በንግግር አትወዳደሩም። ከፈለጋችሁ እንዲያው በጨዋታ መሐል ጣል አድርጉለት፦ ገና እንደ ትግል፣ እንደ ገበጣ፣ እንደ ፈረስ ጉግስ በባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ውድድር የሚደረግበት ስፖርት ነው። ፌዴሬሽን ያለው ነገር ፋራ ሊሆን አይችልም ብሎ ያስብ ይሆናል። ላያስብም ይችላል።

የሚሠራው ሌላ ነው። አጥር ላይ የተቀመጡትን ልጆች ጥሯቸው። ልጅሽ ራሱ ይጥራቸው እንጂ አባቱ አይደለም። «ቀላል ከመሰላችሁ ኑና ሞክሩት» ይበላቸው። አንዱ ዱላ ይይዛል። ይሰነዝራል። ይስታል። መሬቱን ይመታል፣ አቧራው ፊቱ ላይ ይመጣል። ልክ ልጅሽ እንደሆነው ማለት ነው። ሁሉም የሳቱበት ቪዲዮ ማንንም አያሳፍርም። ልጆቹ የየትም ቤተ እምነት ልጆች ይሁኑ፣ የሲዳማም ይሁኑ የወላይታ፣ ዱላ ለመያዝ የሚጠየቅ ነገር የለም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ፣ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚስተናገዱበት አገር ውስጥ ነው ያላችሁት። በዓል የልጆች ሲሆን እንዴት እንደሚያምር ከናንተ በላይ ያውቁታል።

ከአባቱ ጋር ያለውን ነገር ደግሞ በሽምግልና አትጀምሪው። ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲታረቁ ብዙም አላየሁም። ጎን ለጎን ሆነው አንድ ሥራ ሲሠሩ ነው ነገሩ የሚረሳላቸው። ሥራው አለልሽ። ለ7 ዓመቱ ልጅ የሚሆን ዱላ የላችሁም። የአዋቂ ዱላ ይዞ ነበር፣ አይደል? ዱላው ከሱ ይረዝማል፤ ጫፉ ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅ፣ እናንተም አታውቁ። ለልጅ የሚሆነው መሬት ላይ ቆሞ ከዳሌው የማያልፍ፣ ቀለል ያለ ነው። ከአገር ቤት የመጣውን ዱላ ቁረጥ ብትዪው ባልሽ ይታመማል። ስለዚህ ከትልቁ ልጅ ጋር አንድ በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ቅርንጫፍ ይፈልጉ። ግቢያችሁ ውስጥ የሚገረዝ ዛፍ ካለ እዚያው፤ የሐይቁን ዳር ዛፍ እንዳይነኩ። ልጣጩን ይላጡት፣ እጀታውን በስባሪ ጠርሙስ ይፋቁት፣ ጉጡን ያስተካክሉት። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይፍቃል። «አጥብቀህ ያዝ» ከማለት የበለጠ ወሬ አያስፈልጋቸውም። ያን ቀን አንቺ ሻይ ወስደሽ አስቀምጪና ተመለሺ።

ሩሩን በተመለከተ ምንም የምደራደረው ነገር የለኝም። ለጀማሪ ልጆች የእንጨት ሩር አይሰጥም። ባልሽ በባዶ እግሩ ሲጫወት ስንት የእግር ጥፍር እንደሄደ ጠይቂው፤ እሱ በኩራት ይቆጥርልሻል፣ አንቺ ግን በልብሽ ያዥው። ታዲያ ምን ይምቱ? የቴኒስ ኳስ የሚል አለ። አልወደውም። ደረቅ መሬት ላይ ነጥሮ ዓይን ይፈልጋል። የሚሻለው አንቺ የምታውቂው ነው። አዲስ አበባ ያደግሽ ልጅ የካልሲ ኳስ መሥራት አትረሽም። አሮጌ ካልሲ፣ ውስጡ ጨርቅና ፌስታል፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ገልብጦ ሌላ ካልሲ ማልበስ፣ እንደገና መቋጠር። በላዩ ላይ በሲባጎ ወይም በወፍራም ክር ግጥም አድርጊው፤ አለዚያ በሦስተኛው ምት አንጀቱ ይወጣል። የጡጫ ያህል ይሁን፣ ብዙ አይተልቅ። የካልሲ ኳስ አይነጥርም፣ አይበርም፣ ብዙ ርቆም አይሄድም። ቅልጥም ቢያገኝ እንኳ አያስለቅስም። አዋቂዎቹ ዝግ ይላል ብለው ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ።

ደግሞ ተመልከች፣ ይህን በመሥራትሽ ቤቱ ውስጥ ከባልሽ ሌላ አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ሳቅሽ ጠይቀሽኛል፤ በግልጽ ባይሆንም ጠይቀሻል። መሳቅሽ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ የቆምሽበት ቦታ ነው። ዳር ቆሞ የሚስቅ ሰው ከአጥሩ ልጆች በምን ይለያል? ባልሽን ያስከፋው ሳቁ አይመስለኝም። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንቺም ተመልካች መሆንሽ ነው። ዱላ ይዘሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ሩሩን ስተሽ ብትስቂ ኖሮ አብሮሽ ይስቅ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የምትስችው አንቺ ሁኚ። አውቀሽ እንኳ አይደለም፤ ግድ የለሽም፣ በራሱ ይመጣል።

አሁን ገብርኤል ደርሷል። ከንግሡ እስከ ገና 10 ቀን ይቀራችኋል፤ በየ4 ዓመቱ ገና በ28 ሲውል ደግሞ 9። ታኅሣሥ 19ን ለጨዋታ እርሱት፤ ከተማው በምእመን ይጥለቀለቃል፣ ቤታችሁም ፍራሽ በፍራሽ ነው የሚሆነው። ከዚያ በፊት ግን እናንተ አምስታችሁ ብቻ ሁለት ቀን ሞክሩት። ረጅም አይሁን። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ልጆቹ «ትንሽ እንጨምር» ሲሉ ማቆም ነው ጥበቡ።

ባልሽ ለወንድሙ ያወራውን ነገር እንዲያስተካክል ንገሪው። ልጆቹ ሳይለምዱ ለመዱ ማለት እነሱን ለፈተና ማቅረብ ነው። «ልጆቼ ገናን ገና እየጀመሩ ነው» ይበለው። አዲስ አበባ ያደጉት የወንድሙ ልጆችስ ዱላ ይዘው የሚያውቁ ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም። ሁሉም አዲስ ነው። ከሁለቱ ወንድማማቾች በስተቀር።

ሁለቱን ወንድማማቾች ደግሞ በአንድ ወገን እንዳታሰልፊያቸው። ሁለት የመንዝ ሰው በአንድ ወገን ከሆነ ልጆቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ተቃራኒ ይሁኑ። ቀኝ እጃቸው ከሆነ የለመደው፣ በግራ ይጫወቱ። በግራ እጁ የሚሰነዝር አባት ራሱ ጀማሪ ነው፤ ይስታል፣ ልጆቹ ያዩታል። ለትልቁ ልጅሽ ከምክርሽ ሁሉ ይበልጥ የሚረዳው ይህ ነው።

ዱላው አራት ብቻ መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ እንዲያውም ተመስገን በይ። 11 ሰው በአንዴ ዱላ ቢይዝ ጤና ጣቢያው ራሱ አይበቃችሁም። ሁለት ለሁለት ተጫወቱ። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ አራት ሰው። ትንሹ የራሱ ዱላ ስላለው ሲደርሰው ይገባል። ድንበሩን በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም፤ ከመምታት በፊትም ከመቱ በኋላም። ይህን የሳተ፣ አባትም ይሁን ልጅ፣ ወጥቶ ይቀመጣል። ሁለት ሰው አንድ ሩር ላይ ከደረሰ ገፋ ገፋ ነው እንጂ መሰንዘር የለም። ሁሉም ሽፍን ጫማ ያድርግ። የኳስ ተጫዋቾች ካልሲያቸው ውስጥ የሚከቱት የቅልጥም መከላከያ ካገኛችሁ ለልጆቹ ግዙ። ባልሽ በዚህ ቢስቅ፣ ይሳቅ። መቆጣት እንጂ መሳቅ አልተከለከለም።

እንግዶቹ ሲመጡ «ሐይቁ ዳር ብንጫወት» የሚል አይጠፋም። ለፎቶ ያምራል፣ ነፋሱም ደስ ይላል። እኔ ግን እምቢ በይ እላለሁ። ሩር ውሃ ከገባ ልጅ ተከትሎት ይገባል። የሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። ጥገኛ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ እስከ ጉልበት መንቦራጨቅ ይበቃዋል። ጉማሬዎቹም ሲመሽ ሣር ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣሉ። ልጅ በጨዋታ ተጠምዶ ሳለ ከጉማሬ ጋር እንዲገናኝ አትፈልጊም። ሰፈር ጀርባ ያለው ሜዳችሁ ከበቂ በላይ ነው። ድንጋዩንና የጠርሙስ ስባሪውን ቀድማችሁ ልቀሙ። ሐይቁን ለበዓሉ ማግስት አቆዩትና አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ ብሉ፣ ልጆቹም አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ይዩ።

የበዓሉን ቀን ሰዓት አስቢበት። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረ፣ 43 ቀን ጾሞ ጠዋት ዶሮ ወጥ ያገኘ ሰው ከምሳ በፊት አይሮጥም። ይተኛ። ፀሐዩም በረድ ይበል። 10 ሰዓት አካባቢ ውጡ። ቡናውን ሜዳው ዳር ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን አንቺም የወንድሙ ሚስትም ረከቦት ሥር ተቀምጣችሁ እንዳትቀሩ። ተራችሁ ሲደርስ የሚያፈላው ወንድ ይፈለግ።

ሴቷን ልጅ ለመጨረሻ ያቆየኋት አውቄ ነው። «ሁለተኛ አልነካውም» ብላለች፤ አትንካው። ማንም እንዳይለምናት፣ ማንም እንዳያባብላት። አባቷ ግን ይቅርታ ይጠይቃት። እሱ የመታው ሩር ነው ያገኛት። «እኛ በባዶ እግራችን» ያላትንም ይመልስ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ አንቺ በሌለሽበት ቢላት ይሻላል።

ከዚያ ዳኝነቱን ስጧት። ሰዓት ትይዛለች፣ ማን እንደሚገባ ትጠራለች፣ ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሣውን ታስወጣለች። ከሁሉ በላይ ግን የተቆጣን ሰው ታስወጣለች። አባቷም ቢሆን፣ አጎቷም ቢሆን። አንዴ «ጎንበስ በል!» ብሎ ከጮኸ ፊሽካው ይነፋል፣ ጌታው አምስት ደቂቃ ቡናው አጠገብ ይቀመጣል። ይህን ሥልጣን ያገኘች የ11 ዓመት ልጅ ከሜዳ የምትቀር አይመስለኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ዱላ ብትጠይቅ ደግሞ አትገረሚ፣ አታጨብጭቢ። ስጫት፣ በቃ።

የእንጨቱን ሩር ቡፌው ላይ አስቀምጪው። ፊሽካዋን ዛሬውኑ ግዢላት። ገመድ ያለው ይሁን፣ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል።